ግሱ መስተዋድድ ይፈልጋል ወይስ ባዶውን ይሂድ? ስለ እንግሊዝኛ ግሶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጋ መቆሙ አይቀርም። ግሱን ያውቀዋል፣ ትርጉሙንም ያውቀዋል። ግን ከኋላው እንደ «ቱ» ወይም «ፎር» ያለ መስተዋድድ ይግባ ወይስ ምንም አይግባ? ከዚህ በታች ያሉት አማርኛ ተናጋሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉንም ግስ አልዘረዘርኩም። እኛን የሚያደናቅፉንን ነው የመረጥኩት።

ሕጉን ንገሩኝና ልገላገል። ሕግ የለውም እንዴ?

ሁሉን የሚገዛ ሕግ የለውም። ክፍል ውስጥ «ተሻጋሪ ግስ መስተዋድድ አይፈልግም፣ የማይሻገር ግስ ይፈልጋል» ተብለን ነበር፤ ተሻጋሪ ማለት ድርጊቱ የሚያርፍበትን ነገር በቀጥታ የሚያስከትል ግስ ነው። ልክ ነው፣ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ የትኛው ግስ ተሻጋሪ እንደሆነ ብናውቅማ መጀመሪያውኑ አንጠይቅም ነበር። በአማርኛ የሚሻገረው ደግሞ በእንግሊዝኛ ላይሻገር ይችላል። «ሙዚቃ አዳመጥኩ» እንላለን፣ ያለ ምንም ጣጣ። እንግሊዝኛው ግን «አይ ሊሰንድ ቱ ሚውዚክ» ነው፣ «ቱ» ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል። በተገላቢጦሽ እኛ «ወደ ክፍሉ ገባ» ስንል እነሱ «ሂ ኢንተርድ ዘ ሩም» ብለው ያልፋሉ፣ «ወደ» የሚባል ነገር የለም።

አንድ ፍንጭ ግን አለ። እንግሊዝኛ የሁለት ቤት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃል ገባ፣ ከላቲንም በኋላ ብዙ ተጨመረ። ስለዚህ ለአንድ ነገር ሁለት ግስ ማግኘት የተለመደ ነው፤ አጭሩና የቆየው አብዛኛውን ጊዜ መስተዋድድ ይዞ ይሄዳል፣ መጤውና ረጅሙ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይሄዳል። «ቶክ አባውት» እና «ዲስከስ»፣ «ጎ ኢንቱ» እና «ኢንተር»፣ «አስክ ፎር» እና «ሪኩዌስት»፣ «ሉክ ላይክ» እና «ሪዘምብል»፣ «ጎ ዊዝ» እና «አካምፐኒ»። ጥንዶቹን አብራችሁ ብትይዟቸው ብዙ ስህተት ይቀንስላችኋል። ግን ፍንጭ ነው አልኩ እንጂ ሕግ ነው አላልኩም፦ «ዲፔንድ ኦን»፣ «ኮንሲስት ኦቭ»፣ «ፓርቲሲፔት ኢን»፣ «ኮንትሪቢዩት ቱ» ሁሉም መጤዎች ናቸው፣ ሁሉም ግን ያለ መስተዋድድ አይንቀሳቀሱም።

እኔ የምሳሳተው አንዳንዴ በመጨመር ነው፣ አንዳንዴ በመጣል። ለምን?

ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ያለው እንግሊዝኛው ውስጥ ሳይሆን አማርኛው ውስጥ ነው። የአማርኛ ግስ ሰውየውን ጭራው ላይ ይዞት ይዞራል። «ጠብቀኝ»፣ «አለኝ»፣ «አስረዳኝ»። እዚህ ላይ «ለ» ወይም «በ» የለም፣ «ኝ» ብቻ ናት። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ መስተዋድዱን እንጥለዋለን፦ «ዌይት ሚ»፣ «ሂ ሴድ ሚ»፣ «ኤክስፕሌይን ሚ»። ሦስቱም ስህተት ናቸው። «ዌይት ፎር ሚ»፣ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»፣ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው የሚባለው።

በሌላ በኩል አማርኛው ራሱ «ለ»፣ «ስለ»፣ «ወደ»፣ «ጋር»፣ «ላይ» የሚል ከሆነ እንጨምራለን። «ደወልኩለት» ስለምንል «አይ ኮልድ ቱ ሂም»። «ለጥያቄው መለስኩ» ስለምንል «አይ አንሰርድ ቱ ዘ ኩዌስችን»። «ኑሯችን ላይ ተጽዕኖ አሳደረ» ስለምንል «ኢት አፌክትድ ኦን አወር ላይፍ»። እነዚህም ሦስቱም ስህተት ናቸው፣ መሀል ያለው ትርፍ ቃል መውጣት አለበት።

እንግዲህ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በልባችሁ በሉትና ጭራውን ተመልከቱ። ባዶ «ኝ» ወይም «ን» ካለው የምትጥሉት ነገር ሊኖር ይችላል። «ለ»፣ «ስለ»፣ «ጋር» ካለው ደግሞ ያለቦታው ልትጨምሩ ትችላላችሁ። ሁልጊዜ አይሠራም። ግን የትኛው ግስ ላይ ቆም ብሎ መዝገበ ቃላት መክፈት እንደሚገባ ይነግራችኋል።

«ዲስከስ አባውት» ምን ችግር አለው? ሁሉም ሰው ነው የሚለው።

እኛ ሀገር ሁሉም ሰው ይለዋል፣ እውነት ነው። ስብሰባ ላይ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሳይቀር አለ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለው «ዲስከስ አባውት» ይሆናል፣ «በጉዳዩ ላይ ተወያየን» የሚለው ደግሞ «ዲስከስ ኦን»። ትክክለኛው «ዊ ዲስከስድ ዚ ኢሹ» ነው፣ በቃ።

ግን ሰው የሚሳሳተው ዝም ብሎ አይደለም። «ዲስከሽን» የሚለው ስም «አባውት» ይፈልጋላ! «ዊ ሃድ ኤ ዲስከሽን አባውት ዚ ኢሹ» ፍጹም ትክክል ነው። ጆሯችን «አባውት»ን ከስሙ ጋር ሰምቶታል፣ ከዚያ ግሱ ላይ ይለጥፈዋል። ይህ ነገር አንድ ቃል ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩ፤ ግን ሰፊ ነው። ስሙ መስተዋድድ ይዞ ግሱ ባዶውን የሚሄድባቸው ቃላት ሞልተዋል።

«ኤምፋሲስ ኦን» እንላለን፣ ግሱ ግን «ኤምፋሳይዝ» ብቻ ነው። «ኤ ላክ ኦቭ ዎተር» እንላለን፣ ግሱ ግን «ዊ ላክ ዎተር»። «ዚ አንሰር ቱ ዘ ኩዌስችን»፣ ግሱ «አንሰር ዘ ኩዌስችን»። «ኤ ቪዚት ቱ ላሊበላ»፣ ግሱ «ቪዚት ላሊበላ»። «ኢን ኮንታክት ዊዝ ሂም»፣ ግሱ «ኮንታክት ሂም»። «ኤን ኢፌክት ኦን ፕራይስስ»፣ ግሱ «አፌክት ፕራይስስ»።

ደብዳቤ ላይ በጣም የሚታየው «ሪኩዌስት» ነው። «አይ አም ራይቲንግ ቱ ሪኩዌስት ፎር አን ኤርሊየር አፖይንትመንት» ተብሎ ይጻፋል። «ሪኩዌስት» እዚህ ግስ ስለሆነ «ፎር» ትርፍ ናት፣ ሰርዟት። «ፎር»ን በጣም ከወደዳችኋት ግሱን ወደ ስም ቀይሩት፦ «አይ ዉድ ላይክ ቱ ሜክ ኤ ሪኩዌስት ፎር...»። ሁለቱም ልክ ነው። ቅልቅሉ ነው ልክ ያልሆነው።

«ሜሪድ ዊዝ» ትክክል ነው?

«ከእሱ ጋር ተጋባች» ለማለት ከሆነ አይደለም። «ሺ ሜሪድ ሂም» በሉ፣ ወይም «ሺ ጎት ሜሪድ ቱ ሂም»። አሁን ያለችበትን ሁኔታ ለመናገር «ሺ ኢዝ ሜሪድ ቱ ሂም»። «ሜሪድ ዊዝ» ብትሰሙ ግን አትደንግጡ፣ «ሜሪድ ዊዝ ቱ ችልድረን» ማለት ትዳር አላት፣ ሁለት ልጆችም አሏት ማለት ነው። ልጆቹን አገባች ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ «ዘ ፕሪስት ሜሪድ ዜም» ስትሰሙም ቄሱ አጋቧቸው ማለት ነው። ያው አንድ ግስ ለማግባትም ለማጋባትም ያገለግላል፣ መስተዋድድም አይፈልግም። ይህን መጀመሪያ የሰማ ሰው ትንሽ ቢስቅ አይፈረድበትም።

«ጎ ቱ ሆም» ለምን አይባልም? «ጎ ቱ ስኩል» ይባላል አይደል?

«ሆም» እዚህ እንደ ቦታ ስም ሳይሆን እንደ «ወደ ቤት» ነው የሚሠራው፣ «ወደ»ው ውስጡ አለ። «ሂር»፣ «ዜር»፣ «አብሮድ» እና «ዳውንታውን»ም እንደዚያው። ስለዚህ «ከም ሂር»፣ «ጎ ዜር»፣ «ሂ ዌንት አብሮድ» ነው። «ሂ ዌንት ቱ አብሮድ» በእኛ ሰው ዘንድ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ ምናልባት ውጭ ሀገር ስለመሄድ ብዙ ስለምናወራ ይሆናል።

መድረስም ላይ ጣጣ አለ። «አራይቭ» መስተዋድድ ይፈልጋል፣ «ሪች» አይፈልግም። ለከተማና ለሀገር «አራይቭ ኢን አዲስ አበባ»፣ ለአንድ የተወሰነ ቦታ «አራይቭ አት ቦሌ ኤርፖርት»። «አራይቭ ቱ» አይባልም። «ሪች» ከሆነ «ዊ ሪችድ አዲስ አበባ»። ቤት ከሆነ ደግሞ «አራይቭድ ሆም»፣ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል።

መስተዋድዱን ብጥለው ወይም ብጨምረው ትርጉም የሚቀየርባቸው አሉ?

አሉ፣ አንዳንዶቹም አደገኛ ናቸው።

«ዘ ፖሊስ ሰርችድ ሂም» ፖሊስ ፈተሸው ነው፣ ኪሱን ምናምኑን። «ዘ ፖሊስ ሰርችድ ፎር ሂም» ደግሞ ፖሊስ እሱን ፍለጋ ወጣ ነው፣ ሰውየው የለም። ቃለ መጠይቅ ላይ፣ በተለይ የጥገኝነት ጉዳይ ላይ፣ አንዲት «ፎር» ታሪኩን ትቀይረዋለች። ቤቴን ፈተሹት ለማለት «ዜይ ሰርችድ ማይ ሃውስ» ነው፤ «ሰርችድ ፎር ማይ ሃውስ» ካላችሁ ቤቱ የት እንደሆነ ጠፍቷቸው ሲያፈላልጉ ነበር ማለት ይሆናል።

«አስክ ዘ ማናጀር» ማናጀሩን ጠይቁት ነው። «አስክ ፎር ዘ ማናጀር» ማናጀሩን አገናኙኝ በሉ ነው። «ኖው ሂም» በአካል ማወቅ ነው፣ «ኖው ኦቭ ሂም» ስሙን መስማት። ኃይሌ ገብረሥላሴን ሁላችንም «ኖው ኦቭ ሂም» እንላለን፣ «ኖው ሂም» የሚሉት ግን የሚያውቁት ብቻ ናቸው። «ቢሊቭ ሂም» የተናገረውን ማመን ነው፣ «ቢሊቭ ኢን ሂም» ሰውየው ላይ እምነት መጣል ነው፣ በፈጣሪ ማመንም በዚሁ በ«ኢን» ነው። «ሹት ሂም» ተኩሶ መታው ነው። «ሹት አት ሂም» ተኮሰበት ነው፣ መምታቱ ግን አይታወቅም።

«ፔይ» ሲባል ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ወይም ሒሳቡ ባዶውን ይመጣል፣ የተገዛው ነገር «ፎር» ይፈልጋል። «አይ ፔይድ ዘ ድራይቨር»፣ «አይ ፔይድ ዘ ቢል»፣ «አይ ፔይድ ፎር ዘ ኮፊ»። «አቴንድ ዘ ሚቲንግ» ስብሰባው ላይ መገኘት ነው፣ «አቴንድ ቱ» ግን አንድን ጉዳይ መከታተል፣ ማስተናገድ ነው። «አፕላይ ፎር» የምትፈልጉትን ነገር ያመጣል፣ «አፕላይ ቱ» የምታመለክቱበትን ቦታ፦ «ሺ አፕላይድ ቱ ዘ ዩኒቨርሲቲ ፎር ኤ ስኮላርሺፕ»።

አሜሪካ ሬስቶራንት ውስጥ ለምትሠሩ ደግሞ «ዌይት ኦን» አለላችሁ። «ሺ ኢዝ ዌይቲንግ ኦን ቴብል ፋይቭ» ሲባል አምስት ቁጥር ጠረጴዛን እያስተናገደች ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው አንዳንድ አሜሪካውያን «አይም ዌይቲንግ ኦን ዩ» ብለው «እየጠበቅኩህ ነው» ማለታቸው ነው። ገብቷችሁ ዝም በሉ፣ እናንተ ስትጽፉ ግን «ፎር»ን ያዙ።

አማርኛ ሁልጊዜ ነው የሚያሳስተን? የሚያግዝበት ቦታ የለም?

አለ፣ ያውም በደንብ! «ኳሱን ወረወረልኝ» እና «ድንጋይ ወረወረብኝ» የሚሉትን አስቡ። «ልኝ» እንድትቀበሉ ነው፣ «ብኝ» ሊጎዳችሁ ነው። እንግሊዝኛም ይህንኑ በ«ቱ» እና በ«አት» ይለየዋል፦ «ሂ ስሩ ዘ ቦል ቱ ሚ»፣ «ሂ ስሩ ኤ ስቶን አት ሚ»። «ሳቀብኝ» «ላፍድ አት ሚ» ነው፣ «ጮኸብኝ» «ሻውትድ አት ሚ»። በ«ብኝ» የሚያልቅ ክፉ ነገር ካለ «አት»ን መሞከር ብዙ ጊዜ አያሳፍርም።

ሌላው ደግሞ «የምኖርበት ቤት» ነው። ብዙ ሰው «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ» ብሎ ያቆማል። «ኢን» የለችም! አማርኛው እኮ ነግሯችኋል፣ «የምኖርበት» ውስጥ ያለችው «በት» ናት «ኢን»። «የተቀመጥኩበት ወንበር» «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን»፣ «የጻፍኩበት እስክሪብቶ» «ዘ ፔን አይ ሮት ዊዝ»። አማርኛው ግስ ላይ «በት» ካያችሁ እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጎድሎ ሊሆን ይችላል። «ተሳቀበት»ም እንደዚሁ «ሂ ዋዝ ላፍድ አት» ነው፣ «አት» ብቻዋን መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ መቅረቷ አያስጨንቃችሁ።

ጥያቄ በመስተዋድድ ይጨረሳል? አስተማሪያችን ነውር ነው ብለውናል።

ይጨረሳል። እኛ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ስንል «ከ»ን መጀመሪያ እናስቀድማለን፣ ስለዚህ «ሁ አር ዩ ቶኪንግ?» ብለን መጨረሻውን እንረሳዋለን። «ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» ነው። «ዋት አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?»፣ «ዌር አር ዩ ፍሮም?» ሁሉም በመስተዋድድ ያልቃሉ። በጣም ጥብቅ በሆነ ጽሑፍ «ቱ ሁም» ብሎ ማስቀደም ይቻላል፣ ስልክ ላይ እንዲህ ብታወሩ ግን ሰው ዞር ብሎ ያያችኋል።

አሜሪካኖችና እንግሊዞች ይለያያሉ?

ጥቂት ቦታ ላይ አዎ፣ ባጠቃላይ አሜሪካ መጣል ይወዳል። «ራይት ሚ» አሜሪካ ውስጥ ይባላል፣ እንግሊዝ ውስጥ «ራይት ቱ ሚ» ነው። አሜሪካዊው «ፕሮቴስት ዘ ዲሲዥን»፣ «አፒል ዘ ዲሲዥን» ሲል እንግሊዙ «አጌንስት» ይጨምርበታል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ላይ ያላችሁ የአሜሪካ ሰነድ ላይ «አጌንስት» ብታጡ የጎደለ ነገር የለም። «ሚት ዊዝ» ግን በተቃራኒው የአሜሪካ ጭማሪ ነው፣ ቀጠሮ ይዞ ተገናኝቶ መነጋገርን ያመለክታል። አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ፣ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አታቀላቅሉ።

«ሉክ አፍተር» እና «ሉክ አፕ» አንድ ዓይነት ናቸው?

አይደሉም። «ሉክ ኢት አፕ» ይባላል፣ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። «አፕ» ከግሱ ጋር የተዋሃደ ቅጥያ ነው፣ መሀሉ ይከፈታል። «አፍተር» መስተዋድድ ነው፣ ሰውየውን ከኋላው ነው የሚያስከትለው። ይህ የራሱ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ እዚህ ልተወው።

«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ካልኩ በኋላ ለምን «ሂሪንግ» ይሆናል?

ይቺ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነች። «ቱ ጎ»፣ «ቱ ሂት» ላይ ያለችው «ቱ» ሌላ ናት። መስተዋድድ ከኋላው ስም ይፈልጋል፣ ግስ ከመጣ ደግሞ «ኢንግ» ለብሶ ስም መምሰል አለበት። መለያው ቀላል ነው፦ ቦታው ላይ «ኢት» አስገቡ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ያስኬዳል፣ ስለዚህ «ሂሪንግ ፍሮም ዩ»።

አይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ላይ በዚህ ስንት ነጥብ ይቀነሳል?

በስህተት ቁጥር የሚቀነስ ነጥብ የለም። የጽሑፍ ፈተናው በአራት መስፈርት ይታያል፣ ሰዋስው አንዱ ነው፣ አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። የንግግሩም እንደዚሁ። አንድ ሁለት «ዲስከስ አባውት» ማንንም አይጥልም። ግን በየመስመሩ ከሆነ ፈታኙ ያያል፣ ሰዋስው ላይ የምታገኙት «ባንድ»፣ ማለትም የውጤት ደረጃ፣ ይወርዳል።

ታዲያ እንዴት ልያዘው? ዝርዝር ልሸምድድ?

ረጅም ዝርዝር መሸምደድ አልመክርም፣ በሳምንቱ ይጠፋል። ግሱን ከነጭራው አንድ ቃል አድርጋችሁ ያዙት። ደብተራችሁ ላይ «ዲፔንድ = ይወሰናል» ብላችሁ አትጻፉ። «ኢት ዲፔንድስ ኦን ዘ ዌዘር» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ።

መዝገበ ቃላት ስትመርጡ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ብቻ አይበቃችሁም፣ ትርጉሙን እንጂ የግሱን አካሄድ ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፈልጉ፣ ስልክ ላይ በነጻ አለ። አንዳንዶቹ ከግሱ ጎን «ቲ» ወይም «አይ» የሚል ፊደል ያደርጋሉ፤ «ቲ» ተሻጋሪ ነው፣ «አይ» የማይሻገር። ከዚያ ምሳሌዎቹን ተመልከቱ፣ መስተዋድዱ ብዙ ጊዜ ጎላ ብሎ ይታያል። ይህ አሠራር የተስፋፋው ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር በነበረው በኤ. ኤስ. ሆርንቢ ሥራ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የግሶቹን አካሄድ በፈርጅ በፈርጁ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ ታተመ፣ በ1948 ኦክስፎርድ እንደገና አሳተመው። ከመጀመሪያውም የተሠራው ቋንቋው አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ነበር። የእናንተን ጥያቄ ሌላ ተማሪ ቀድሞ ጠይቆታል ማለት ነው።

ስልኬ ስህተቱን ያርምልኛል። ለምን ልጨነቅ?

«ዲስከስ አባውት»ን ብዙ ጊዜ ያርማል፣ «ዌይት ሚ»ንም እንደዚያው። ማረም የማይችለው «ሰርችድ ሂም» እና «ሰርችድ ፎር ሂም»ን ነው፣ ሁለቱም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ናቸውና። ሰውየው ተፈትሾ ይሁን ተፈልጎ፣ ማመልከቻውን የምትጽፉት እናንተ እንጂ ስልኩ አያውቅም።